የመቀሱ ባለቤት ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጁን 2011 አፕል ኩባንያ «ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ» የተባለውን አዲስ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ለገበያ ሲያቀርብ የቀድሞውን ቅጂ ከሽያጭ አነሣው። አዲሱ ግን በአሮጌው የተሠራን ፕሮጀክት መክፈት አይችልም ነበር። የዓመታት ሥራቸውን በዚያ መሣሪያ ያከማቹ ፊልም ሠሪዎችና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች የገዛ ማኅደራቸው ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ እንደሚገኝ የተረዱት ያን ጊዜ ነው። ጩኸቱ በርትቶ አሮጌው ለጥቂት ጊዜ እንደገና ቢሸጥም፣ ነገሩ ለሁሉም ገብቶ ነበር።

ይህ የባለሙያዎች የጓዳ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ሆኖም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ዋናውን ምስል አይቆርጥም፤ የሚያስቀምጠው የትእዛዝ መዝገብ ነው። የትኛው ምስል ከየትኛው ሰከንድ ይጀምር፣ የማን ድምፅ ይቅደም፣ የማን ንግግር ይቆረጥ የሚለው ሁሉ በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ፋይሉ አልከፈት ካለ ጥሬው ምስል በእጅ አለ፤ የአዘጋጁ ፍርድ ግን ጠፍቷል።

ከዚህ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር በሌላ ሰፈር ደርሶ ነበር፤ ፍጻሜው ግን ሌላ ሆነ። «ብሮድካስት 2000» ለሊኑክስ ከተሠሩት ቀደምት የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች አንዱ ሲሆን ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር። በሴፕቴምበር 2001 ሠሪው «ሄሮዊን ቨርቹዋል» የሕግ ተጠያቂነት ሥጋት አለብኝ በማለት ሶፍትዌሩን ከስርጭት አወጣው። ባለቤቱ በሩን ዘጋ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በነጻ ፈቃድ የወጣን ኮድ አንዴ የደረሰው ሰው መልስ ተብሎ አይገደድምና፣ በየሰዉ ኮምፒዩተር ያሉት ቅጂዎች ሕጋዊ እንደሆኑ ቀሩ። ሠሪው ራሱም በ2002 «ሲኔሌራ» የሚባል ተተኪ በዚያው ዓይነት ፈቃድ ይዞ ብቅ አለ፤ ሌሎች ፕሮግራመሮችም የራሳቸውን የሲኔሌራ ቅጂ አበጅተው ጥገናውን ጎን ለጎን ቀጠሉ።

በነገራችን ላይ፣ በ2010 ኤዲትሼር የተባለው ኩባንያ ታዋቂውን «ላይትዎርክስ» ክፍት ምንጭ አደርገዋለሁ ብሎ በአደባባይ አውጆ ነበር። ያለ ክፍያ የሚወርድ ቅጂ ወጣ፤ ምንጭ ኮዱ ግን በኩባንያው እጅ እንደ ተዘጋ ቀረ። በነጻ የተሰጠና ነጻ የወጣ ነገር በአማርኛችንም ለመምታታት ቅርብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ለነጻ ሶፍትዌር ወዳጆች ደስ የሚል ታሪክ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን ደስታውን ሙሉ አድርጎ ለመቀበል ይቸገራል። ፈቃድ በሩ እንዳይዘጋ ይከለክላል እንጂ ጠዋት ተነሥቶ ሱቁን የሚከፍት ሰው አይቀጥርም።

ኬደንላይቭን እንመልከት። በ2002 ጄሰን ዉድ ጀመረው፤ በኋላ ሸክሙ ወደ ዣን-ባፕቲስት ማርዴል ዞረ። ምስሉንና ድምፁን የሚያዋሕድለት ኤምኤልቲ የተባለ ሞተር ሲሆን፣ በዚያ ኮድ ራስጌ ላይ ኡሾዳያ የተባለ የሕንድ ኩባንያ ስም ሰፍሮ ይገኛል። የልዩ ልዩ ቪዲዮዎችን ቅርጸት የሚፈታለት ደግሞ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ቤቱ ተቀምጦ የልጁን ልደት የሚያቀናብር ሰው በአካል የማያውቃቸውን የእነዚህን ሁሉ ላብ ይጠቀማል።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ደቦ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያረፈበት ወቅት ነበር። በ2012 ተጠቃሚዎች ኮዱ ከመሠረቱ እንዲታደስ ገንዘብ አዋጡ። በ2013 መሪው ገንቢ ለወራት ድምፁ ጠፋ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ ነገር ግን ውስብስቡን ሁሉ በአእምሮው የያዘው ሰው ሲታጣ ያ ነጻነት የወረቀት ላይ ነጻነት መሰለ። ደግነቱ ሰውየው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። በ2015 ፕሮጀክቱ ኬዲኢ በተባለው ሰፊ ማኅበረሰብ የሶፍትዌር ስብስብ ውስጥ ገባ። ቀን ተቆርጦለት የሚወጣ ቅጂ፣ ተርጓሚዎች፣ የጋራ የኮድ ማከማቻ፣ ከጀርባው የቆመ ሕጋዊ ማኅበር አገኘ። ባጭሩ፣ ተቋም አገኘ።

ቀጥሎ የመጣው አብዛኛው ለዓይን የማይታይ ሥራ ነበር። በኤፕሪል 2019 በወጣው ቅጂ ከኮዱ ከ60 በመቶ በላይ ተለውጧል፤ ከ144,000 በላይ መስመሮች ተጨምረው ከ74,000 በላይ ተሰርዘዋል። የተሰረዘውን ቁጥር ልብ ይሏል! የዓመታት ድካም የፈሰሰው አዲስ ጌጥ ለመደርደር ሳይሆን የሚናጋውን መሠረት ለማጽናት ነው፤ እንዲህ ላለው ሥራ የሚያጨበጭብ ሰው ጥቂት ነው፣ ገንዘብ የሚሰጥማ ከዚያም ያንሳል።

ቢሆንም በ2022 ኬደንላይቭ 15,000 ዩሮ እንዲያዋጡለት ተጠቃሚዎቹን ሲጠይቅ የተሰበሰበው ከተጠየቀው በለጠ። ከታቀዱት ሥራዎች አንዱ አንድን የጊዜ መስመር በሌላው ውስጥ አስገብቶ ማቀናበር እንዲቻል ማድረግ ነበር፤ በኤፕሪል 2023 በወጣው ቅጂ ውስጥ ተካተተ።