ከባለ 45 ሸክላ እስከ ካሴት፦ አዲስ ድምፅ በሙዚቃ ቤት ደጃፍ

ስለ አዲስ አበባ ሙዚቃ ታሪክ ሲወራ ዘፋኙ ይነሳል፣ ባንዱ ይነሳል፣ የዳንስ ምሽቱና ሆቴሉ ይነሳሉ። ባለ ሱቁን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። እኔ የወጣትነት ዘመኔን ፒያሳ ውስጥ ከካሴት መደርደሪያ ኋላ ቆሜ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ወደ ባለ ሱቁ ባደላ አይፈረድብኝም። ማንም የማያውቀውን ዘፋኝ አስቀድሞ ሰምቶ፣ በገዛ ገንዘቡ አስቀርጾ፣ ለሕዝብ ያቀረበው በአብዛኛው እሱ ነው። ሲደፍር ግን ልቡን ብቻ ተማምኖ አልነበረም። የሚሸጠው ዕቃ ሁለት ዘፈን የሚበቃው ሸክላ ነው ወይስ አሥር ዘፈን የሚጠይቅ ካሴት? ድፍረቱ የሚለካው በዚህ ነበር።

ሸክላ ወደ እኛ የመጣው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀድተዋል። ከዚያ በኋላ ግን የሀገር ውስጥ ንግድ ሆኖ እስኪቆም ረጅም ዘመን ወሰደ። ዋናው ምክንያት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስገባቱና የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ለቴአትራችንና ለዘፈናችን የዋለውን ውለታ ማንም አይክድም፤ በሸክላ በኩል ግን ያወጣው ሥራ ከነበረው የድምፅ ሀብት ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መድረኩም ቢሆን የመንግሥት ነው። ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ናቸው። ዘፋኙ የደመወዝተኛ ያህል ስለሆነ አዲስ ሰው የሚገባው ቦታ ሲገኝ ወይም አጋጣሚ ሲያግዘው ነው። ማሕሙድ አህመድን ተመልከቱ። ሊስትሮ የነበረ፣ በኋላም አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ የተቀጠረ ልጅ፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ሊጫወቱ በመጡበት ምሽት ዘፋኛቸው ሲቀር ጊዜ ወጥቶ ዘፈነ። ዘፋኙ ባይቀር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

አምሃ እሸቴ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ የሚሸጥ፣ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ባለ ሱቅ መሆኑን አስምሬ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኛው ምን ብሎ እንደሚገባ፣ የትኛውን ሸክላ እንደሚያስደግም፣ ምን ሲሰማ እግሩ እንደሚንቀሳቀስ በየቀኑ ያያል። የአሜሪካ ሶል የሚገዛው ወጣት የሀገሩን ልጅ በዚያው ሞቅታ ሲዘፍን ቢያገኘው እንደማያልፈው ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። እዚህ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ህንድ ተልኮ ታትሞ መጣ። ማንም አላሰረውም። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ተከተለ፤ ትንሽ ቆይቶ አሊ ታንጎ የሚባለው ዓሊ አብደላ ካይፋ መጣ፤ እሱም ባለ ሱቅ! አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሀገር እስከወጣበት ጊዜ ድረስ 103 ያህል ባለ 45 ሸክላና 12 አልበም አሳትሟል።

እስቲ ባለ 45ን እንየው። በአንዱ ጎን አንድ፣ በሌላው ጎን አንድ ዘፈን ነው የሚይዘው፤ በቃ። አሳታሚው ለአንድ አዲስ ዘፋኝ የሚያወጣው የሁለት ዘፈን ወጪ ነው። ከከሰረ የከሰረው ሁለት ዘፈን ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ልጅ ይሞክራል። ያ ዘመን በስድስት ዓመት ውስጥ ያን ሁሉ ድምፅ ያፈራው ሰዉ ሁሉ ባለ ተሰጥኦ ሆኖ ስለተወለደ አይመስለኝም። መሞከር ርካሽ ስለነበር ነው። አቀናባሪውም በዚሁ መንገድ ወጣ። ግርማ በየነ ራሱ ዘፋኝ ሆኖ ሳለ በስሙ ያወጣቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለዓለማየሁና ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን በርካታ ደርዘን ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ሙዚቃውን ትቶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። ወደ መድረክ ተመልሶ አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እኛ ሱቅ ውስጥ የሱን ሥራ ስንሸጥ ስሙን የሚጠይቅ ደንበኛ አልነበረም፤ ስሙ ከታች በደቃቅ ፊደል ነበራ!

ወደ ሸክላው ዘመን ልመለስ፦ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊም መጣ። የምሽት ጨዋታ ትላልቅ ሆቴሎች ውስጥ ተወሰነ፤ አንዴ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፣ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ሂልተን ዋልያስ፣ ግዮን ዳህላክ ነበሩ። አይቤክስ ባንድም እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃውን ቀድቷል። ግጥም ሁሉ ሳንሱር ሳያልፍ አይወጣም። ሸክላውም ቀስ እያለ ጠፋ። ውጭ ሀገር ማሳተም የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ካሴት ግን ባዶውን ገዝቶ ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ እዚሁ ያባዛዋል። የካሴት ዘመን እንዲህ ተጀመረ፤ እኔም የደረስኩት በዚህ ነው።

የሱቁን አሠራር ላሳያችሁ። ድምፅ ማጉያው በሩ ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይሰቀላል። ጎረቤት ያለውም ሱቅ እንደዚያው ነው፤ አላፊ አግዳሚው በአንድ ጆሮው አንዱን፣ በሌላው ሌላውን እየሰማ ያልፋል። ከመቶ ሰው አንዱ ይቆምና «ይሄ ማነው?» ይላል። የኛ ሥራ ያቺን ጥያቄ መጠበቅ ነው። ይገባል፣ ካሴቱን ከመስታወቱ ስር እናወጣለን፣ «እስቲ አሰማኝ» ይላል። የምናሰማው የኤ ጎኑን የመጀመሪያ ዘፈን ነው፤ ጥቂት ከሰማ በኋላ ገልብጠን የቢ ጎኑን መጀመሪያ። ሌላውን ዘፈን እስኪያዳምጥ የሚታገስ የለም። ይህን የሚያውቅ አሳታሚ ሁለቱን ጠንካራ ዘፈኖች በሁለቱ ጎኖች መጀመሪያ ላይ ያደርጋቸዋል፤ የዘፋኙ እውነተኛ ችሎታ ያለው ግን ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ነው። እኔ አዲስ ካሴት ሲመጣ ከኤ ጎን ሦስተኛውን ነበር የምሰማው። ክሩ የተዝረከረከውን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን እንመልሳለን። ማስቀዳት የሚፈልግ ደግሞ ባለ 60 ወይም ባለ 90 ባዶ ካሴት ይዞ፣ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይመጣል። ያ ወረቀት ከማንኛውም የሬዲዮ ምርጫ ይልቅ የከተማውን ጆሮ ይናገር ነበር። ዛሬ አንድ ክምር ቢኖረኝ ኖሮ!

ካሴት ግን አንድ ችግር ነበረው፤ እሱም ርዝመቱ ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ዘፈን ይፈልጋል። አሥር ግጥም፣ አሥር ዜማ፣ አሥር ቅንብር፣ ስቱዲዮ፣ ሙዚቀኛ፣ ፖስተር። ይህን ሁሉ ለማይታወቅ ልጅ የሚያወጣ ሰው ከየት ይገኛል? ልጆቹ ግን ይመጡ ነበር። አብዛኞቹ ከቀበሌና ከከፍተኛ የኪነት ቡድን የወጡ ናቸው፤ ደርግን የፈለጋችሁትን በሉት፣ ኪነቱ ግን ማይክሮፎን ጨብጦ የማያውቀውን ልጅ አስጨብጦታል። ድምፃቸውን በቤት ቴፕ ቀድተው፣ ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ። አንድ አለቃ ነበረኝ፤ ስሙን አልጠራም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ከልቡ ያዳምጥና «ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ስም ግን የለህም። ስም ስታገኝ ና» ይለዋል። ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ ካሴቱን ይዞ ይወጣል። ስሙን የት ሄዶ ያግኘው? ያኔ በአለቃዬ እበሳጭ ነበር። ሂሳቡን ሳየው ግን ጭካኔ አልነበረም፤ የአሥር ዘፈን ወጪ ነው።

መውጫ ቀዳዳው ኮሌክሽን ነበር። አሳታሚው ሁለትና ሦስት ስም ያላቸውን ዘፋኞች ይይዝና መሃል ላይ አንድ ሁለት የማይታወቁ ልጆችን ይሰገስጋል። ገዢው ለታወቀው ዘፋኝ ብሎ ገዝቶ ያልታወቀውን ወዶ ይመለሳል፤ «ያ አራተኛው ላይ ያለው ልጅ የራሱን አላወጣም?» ሲል ሰምቼ ወደ አለቃዬ ሮጬ አውቃለሁ። በኔ አስተያየት ኮሌክሽን በካሴት ውስጥ የተደበቀ ባለ 45 ነበር። ሁለተኛው ቀዳዳ ሾፌር ነው። የሚኒባስና የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሾፌሮች ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ሐረር ከመነሳታቸው በፊት አዲስ ካሴት ይወስዳሉ። አርባና ሃምሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያዳምጥበት ሌላ ቦታ የት አለ? ሾፌሩ ተመልሶ «ይቺ ልጅ ሰዉን አስጨፈረችው» ካለ ለቀጣዩ ሳምንት ብዙ ኮፒ እናዛለን።

ዘፋኙ ምን አገኘ? ይህን ባልፈው ውሸታም እሆናለሁ። ብዙዎቹ ሥራቸውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠው ነው የሄዱት፤ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ ሺህ ጊዜ ሺህ፣ ለእነሱ ተጨማሪ ሳንቲም የለም። እኛ የምንቀዳው ደግሞ አሳታሚውንም ይገድለው ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም ነው። ሲወጣ ግን ካሴቱ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሲዲው፣ ከዚያም ፍላሹ ተካው። የማውቃቸው ሙዚቃ ቤቶች አንድ በአንድ ወደ ሞባይል መለዋወጫና ወደ ልብስ መሸጫ ተለወጡ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ፒያሳ ራሷ ብዙው ክፍሏ ፈረሰ።

ፈረንጆቹ ከዚህ በፊት መጥተው ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» ሰምቶ ተነሳ፤ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ከሠላሳ ያላነሰ ሲዲ አወጣ። ሰዉ ይህን ሲያደንቅ የሚረሳው ነገር አለ፤ ከተከታታዩ ሰፊው ክፍል የተወሰደው አምሃና ካይፋ ካሳተሙት ሥራ ነው። ሁለት ባለ ሱቆች ባይደፍሩ ኖሮ የሚታተም ነገር አይኖርም ነበር። የዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የቀዳት ካሴት ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ እዚያ ገዝቷት ሄደ፤ ኃይሉን ሲያፈላልግ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ አገኘው። ካሴቷ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች፤ ኃይሉም ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ። ያቺን ካሴት ለዓመታት ሳይጥል መደርደሪያው ላይ ያቆያትን የባሕር ዳር ሻጭ ስም የጻፈ ግን አላየሁም።

አሁን ያለውን ወጣት የሚወቅሱ እኩዮቼ አሉ። እኔ አልወቅስም። ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ መለቀቁ ለኔ የባለ 45 መመለስ ነው፤ መሞከር እንደገና ርካሽ ሆነ። «ስም ስታገኝ ና» የሚል ሰው በር ላይ የለም። ዘፋኙ ሮፍናን «ነጸብራቅ» የተባለ አልበሙን ሲያወጣ ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ነው የሠራው፤ ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የማሲንቆና የበገና ድምፅን ከኮምፒውተር ጋር አዋህደው በትንንሽ አሳታሚዎች በኩል ውጭ ድረስ ተሰምተዋል። አዝማሪ ቤትም አልሞተም ነበር፤ መላኩ በላይ ካዛንቺስ ፈንድቃን ይዞ አዝማሪውንም ጃዙንም የማይታወቀውንም ወጣት አንድ መድረክ ላይ ለዓመታት አሰማ። ያም ግቢ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ፈረሰ። የጎደለው የሚለቀቅ ዘፈን አይደለም፤ በቀን ስንቱ ይለቀቃል! የጎደለው ሦስተኛውን ዘፈን አስቀድሞ ሰምቶ «ይቺን ስማት» የሚል ሰው ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ካርቶን ውስጥ ካሴት ካለ አትጣሉት፤ መጣል ግድ ከሆነባችሁም ሽፋኑን አስቀሩ፣ በስልካችሁም ቢሆን ፎቶ አንሱት። የሱቆቻችን መዝገብ አልተቀመጠም፣ ሙዚቀኞቹም እያለፉ ነው፤ አምሃ እሸቴም ዓለማየሁ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ ዓመት ነው ያረፉት። ጊታሩን ማን እንደመታው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ የትኛው ሙዚቃ ቤት እንዳሳተመው ለብዙዎቹ ዘፈኖች የተጻፈው በዚያች ሽፋን ላይ ብቻ ነው።