የልብ ሕመምን በኅብረተሰብ ደረጃ መከላከል፡ የሰሜን ካሬሊያ ተሞክሮ

በምሥራቅ ፊንላንድ የምትገኘው የሰሜን ካሬሊያ አውራጃ የልብ ሕመምን በኅብረተሰብ ደረጃ በመከላከል ረገድ በዓለም ዙሪያ በተምሳሌትነት ትጠቀሳለች። ይሁንና እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ መጨረሻ አውራጃዋ የምትታወቀው በተቃራኒው ነበር። በወቅቱ ፊንላንድ በልብ የደም ሥር ሕመም በሚሞቱ ወንዶች ምጣኔ ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን፣ በአገሪቱ ከፍተኛው ጉዳት የደረሰው በሰሜን ካሬሊያ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጎልማሶች ነበሩ።

በጥር 1971 የአውራጃዋ አስተዳዳሪ፣ የሕዝብ ተወካዮችና የማኅበራት መሪዎች መንግሥት እርምጃ እንዲወስድ በፊርማቸው ጠየቁ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ በወጣቱ ሐኪም በፔካ ፑስካ የሚመራው ፕሮጀክት በ1972 ሥራ ጀመረ።

የአደጋው መንስኤዎች

በዚያው ዓመት የተካሄደው ጥናት ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶችን ለይቷል። እነርሱም በደም ውስጥ የሚገኝ ከፍተኛ የኮሌስትሮል መጠን፣ የደም ግፊትና ሲጋራ ማጨስ ናቸው። ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ያጨሱ የነበረ ሲሆን፣ ከአሥር ነዋሪዎች ዘጠኙ ዳቦአቸውን ቅቤ ቀብተው ይመገቡ ነበር።

ችግሩ የጥቂት ሕሙማን ሳይሆን የመላው ሕዝብ በመሆኑ፣ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡትን ብቻ ለይቶ ማከም በቂ አልነበረም። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው መካከለኛ አደጋ ባለበት ሰፊው የኅብረተሰብ ክፍል ላይ ነውና። ስለሆነም ፕሮጀክቱ የሕዝቡን የዕለት ተዕለት ኑሮ መለወጥን ዓላማው አደረገ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የጤና ጣቢያ ነርሶች የደም ግፊትን በመደበኛነት እንዲለኩና እንዲከታተሉ ተደረገ። ማርታ የተባለው የሴቶች ማኅበር አትክልት የበዛበትና ቅባት የቀነሰ ምግብ አሠራርን በየመንደሩ አስተማረ። የምግብ አምራቾችም የምርቶቻቸውን ቅባትና ጨው እንዲቀንሱ ተጠየቁ።

ሥራው ያለ ተቃውሞ አልተካሄደም። የወተት ከብት ርባታ የአውራጃዋ ዋነኛ መተዳደሪያ በመሆኑ፣ ቅቤን መቀነስ የገበሬውን ገቢ የሚነካ ጉዳይ ነበር። ለዚህም መፍትሔ እንዲሆን ገበሬዎች ወደ እንጆሪና መሰል ፍሬዎች ልማት እንዲሸጋገሩ ድጋፍ ተሰጠ፤ በአገር ውስጥ የሚመረተው የጎመን ዘር ዘይትም በቅቤ ምትክ እንዲስፋፋ ተደረገ።

ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በኋላ ተሞክሮው ወደ መላው ፊንላንድ ተስፋፋ። አገሪቱ በ1976 ያወጣችው የትምባሆ ሕግም ለሥራው የሕግ ድጋፍ ሆኗል።

የተገኘው ውጤት

ፕሮጀክቱ በ1997 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ እስከ 2012 ባለው ጊዜ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ በሚገኙ የሰሜን ካሬሊያ ወንዶች ዘንድ በልብ የደም ሥር ሕመም የሚደርሰው ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። በምሥራቅ ፊንላንድ ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ከቅነሳው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የተገኘው ሦስቱ የአደጋ መንስኤዎች በሕዝቡ ውስጥ በመቀነሳቸው ነው። የሕክምና መሻሻል ያበረከተው ድርሻ ቀላል ባይሆንም በሁለተኛ ደረጃ የሚታይ ነው።

ከተሞክሮው የሚገኘው ትምህርት የልብ ጤና ለጤና ተቋማት ብቻ የሚተው አለመሆኑ ነው። የግብርና፣ የንግድ፣ የትምህርትና የፍትሕ አካላት ውሳኔም ወሳኝ ነው። በኢትዮጵያ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ዝግ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ሲጋራ ማጨስን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የዚሁ ዓይነት እርምጃ ሲሆን፣ ውጤቱ በየመሥሪያ ቤቱ በሚኖረው አፈጻጸም ይወሰናል።