ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፡ ከመቅደላ እስከ ለንደን

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪም፣ የትምህርት መሪና ዲፕሎማት ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ፣ ከወላጆቻቸው የተለዩትን የሦስት ዓመት ሕጻን አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ሕንድ ይዟቸው ሄደ። እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን አስተማራቸው። ስሙንም ወረሱ።

በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በበርማ በሐኪምነት ሲያገለግሉ የዓድዋን ድል ሰሙና የትውልድ ሀገራቸውን ለማየት ተነሡ። አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። አያታቸው በአካላቸው ላይ ባለ ጠባሳ እንደለዩዋቸውና የቀድሞ ስማቸውም በዚያን ጊዜ እንደተመለሰላቸው ይነገራል።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ራሳቸው በባዕዳን ችሮታ የተማሩ ነበሩና የሀገራቸው ልጅ በሀገሩ እንዲማር ደከሙ።

በ1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አሜሪካ ላኳቸው። ጉዳዩ የጣና ሐይቅ ነበር። እንግሊዞች ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ የዓባይን ውኃ ይሹ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ የግድቡን ሥራ ለአሜሪካ ኩባንያ ለመስጠት ፈለገች። ሐኪም ወርቅነህ ከኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ በዚያው ጉዞ በሙያ የሠለጠኑ ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው ኢትዮጵያን እንዲያገለግሉ ጋበዙ። ግድቡ ሳይሠራ የጣሊያን ወረራ ደረሰ።

በ1922 ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው መንገድ አስጠረጉ፣ የግብር አሰባሰቡን ሥርዓት አስያዙ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ባሳደጓቸው ሰዎች ቋንቋ በአውሮፓ ፊት ስለ ሀገራቸው ተሟገቱ።

ወረራው ቤታቸውንም አላለፈም። በእንግሊዝ ሀገር የተማሩ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ በፋሽስቶች ተገደሉ። ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ። ቀድሞ የመሩት ትምህርት ቤት ዛሬ በእንጦጦ ስም የሚጠራ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ነው።