ዓሊይ (ረ.ዐ) ለተቃዋሚዎቻቸው የሰጡት ቃልና የጋምቤላ ፓርቲዎች ታሪክ

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ የሚገኝ ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ይጀምራል። በአንድ ወቅት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውሮፕላን ስጠብቅ፣ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አኙዋ ሽማግሌ ስለ ምርጫ ጨዋታ ተነሥቶ፣ «ሼኽ፣ እኛ አገር ፓርቲ ከመሬት አይበቅልም፤ ከዚያ ነው የሚወርደው» ብለው ጣታቸውን ወደ ማኮብኮቢያው ቀሰሩ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የአዛውንቱ አባባል ከልቤ ስላልወጣ የጋምቤላን የፓርቲዎች ታሪክ መለስ ብዬ ለማየት ተገደድሁ።

ጋምቤላ ከውጭው ዓለም ጋር የተዋወቀችው በባሮ ወንዝ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ቡናው በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። ሱዳን ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በደርግ ዘመን ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በሠፈራ የመጣው ሕዝብ በርካታ ነው። ዛሬ በጋምቤላ መስጊዶች ከሚሰግደው ጀመዓ ብዙው አገሬው «ደገኛ» የሚለው ነው። ይህን ያነሣሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደርግን በጫካ ሲታገል የነበረው፣ በአብዛኛው የአኙዋ ተወላጆች የመሠረቱት የጋምቤላ ሕዝቦች ነፃነት ንቅናቄ፣ በ1983 ዓ.ም. የክልሉን አስተዳደር ያዘ። ኑዌሮች በበኩላቸው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በ1990 ዓ.ም. ሁለቱ «ተዋሐዱ» ተብሎ የጋምቤላ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ግንባር ሆኑ። መዋሐዱን የፈለገው ማን እንደሆነ በጊዜው የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ያልተደሰቱ የተማሩ ወጣቶች የጋምቤላ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ኮንግረስ የሚባል ተቃዋሚ ድርጅት መሥርተው በ1992ቱ ምርጫ ተወዳደሩ። ኮንግረስ መሣሪያ አላነሣም። የመረጠው መንገድ የምርጫ ኮሮጆ ነበር። የገጠመው ግን ወከባና እስር ነው። ቆየት ብሎ በአኙዋና በኑዌር መካከል በኢታንግ ከደረሰው ግጭት በኋላ ገዢው ግንባር ራሱ ፈረሰና ለአኙዋ፣ ለኑዌርና ለመዠንግር ለየብቻ ሦስት ድርጅቶች ተሠሩ። ትናንት በግድ የተጋባው ዛሬ በግድ ተፋታ ማለት ነው።

ፓርቲ ማቋቋም በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ የሚያሠራው ግን ሌላ ነበር። ኢሕአዴግ የጋምቤላን፣ የአፋርን፣ የሶማሌን፣ የሐረሪንና የቤኒሻንጉልን ድርጅቶች «አጋር» ይላቸው ነበር። አጋር ማለት ክልሉን ያስተዳድራል፣ አገሪቱን በሚመራው ግንባር ውሳኔ ላይ ግን ድምፅ የለውም። ከነዚህ ክልሎች መካከል የሙስሊሙ ቁጥር የበዛባቸውን አንባቢ ራሱ ይቁጠር። ይህ አሠራር ብልጽግና ፓርቲ እስከተመሠረተበት እስከ 2012 ዓ.ም. ቆየ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በመንግሥት መኪና ሲጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች ባልታወቁ ታጣቂዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ወደ ከተማው ሲገባ ቁጣ ነደደ። ወታደሮች አኙዋዎችን፣ በተለይም የተማሩ ወንዶችን፣ እያሳደዱ ገደሉ። ከደገኛው ነዋሪ የተወሰኑትም ገጀራና ዱላ ይዘው ተካፈሉ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 65 ሲል፣ አኙዋዎች ግን በስም ዝርዝር 424 አድርሰውታል። በቁጥሩ መከራከር ይቻላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ገጀራ የያዘው እጅ ነው። ደገኛ ስንባል እኛም አለንበትና፣ «ወታደር ነው የገደለው» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። አንድን ነፍስ ያለ አግባብ ማጥፋት ሰዎችን ሁሉ እንደማጥፋት መሆኑን ቁርኣን የነገረን ሟቹ የኛ ዘር ወይም የኛ ሃይማኖት ተከታይ ሲሆን ብቻ አይደለም።

በወቅቱ የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ኦኬሎ አኳይ አኙዋ ናቸው። ሠራዊቱን በግድያው ተጠያቂ አድርገው ከአገር ተሰደዱ፤ የኖርዌይ ዜግነትም አገኙ። በ2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተወሰዱ፣ በሽብር ተከሰው በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት እስር ተፈረደባቸው። የተከሰሱበት የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ለኛ እንግዳ አይደለም። «ድምፃችን ይሰማ» ያለው ሕዝብ የመረጣቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት የተፈረደባቸው በዚሁ አዋጅ ነው። ኡስታዝ አሕመዲን ጀበልና አቶ ኦኬሎ ከእስር የወጡት በአንድ ወር፣ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። አንዱ ስለ መስጊድ፣ ሌላው ስለ ጋምቤላ ቢናገሩም አዋጁ አልለያቸውም።

እንግዲህ ወደ ኩፋ እንሻገር። ኸሊፋው ዓሊይ (ረ.ዐ) ከሲፊን ጦርነት በኋላ ሽምግልናን ስለተቀበሉ ኸዋሪጆች ተለዩአቸው። ተቃውሟቸው ዝም ያለ አልነበረም። ኸሊፋው ኹጥባ ላይ እያሉ መስጊድ ውስጥ ተነሥተው «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» እያሉ ይጮኹባቸው ነበር። ዓሊይም ቃሉ እውነት እንደሆነ፣ የተፈለገበት ዓላማ ግን ሐሰት እንደሆነ ከመለሱ በኋላ ሦስት ነገር ቃል ገቡላቸው፦ ከመስጊድ አይከለከሉም፤ ከኸሊፋው ጋር እስካሉ ድረስ ከምርኮው ገንዘብ ድርሻቸው አይቀርባቸውም፤ ጦርነት ካልጀመሩም አይወጉም። እነዚህ ሰዎች ዓሊይን ያህል ሰሐባ ከኢስላም ወጥቷል የሚሉ ነበሩ! እንዲያም ሆኖ ኸሊፋው ስለ ሐሳባቸው ዳቦአቸውን አልነጠቁም። የተዋጓቸው ዐብዱላህ ኢብኑ ኸባብን ከገደሉ በኋላ፣ በ38 ዓመተ ሒጅራ ነህረዋን ላይ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። በጋምቤላ መሣሪያ ያነሡ ቡድኖች ነበሩ። መንግሥት በታጠቀ ላይ ራሱን መከላከሉ በነህረዋንም የታየ ነው። ልዩነቱ ዓሊይ መሣሪያ ያነሣውን ከተናገረው ለይተው ማየታቸው ነው። በኛ አገር የኮንግረሱ ወጣት በምርጫ ስለተወዳደረ፣ ያልታጠቀው አኙዋ ደግሞ ታጣቂው ዘመዱ ነው ተብሎ ስለተጠረጠረ ቅጣቱን አብሮ ተቀበለ።

ይህ ነገር በኢሕአዴግ መሄድ አላበቃም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማን አጠቁ፤ ተኩሱ ከሰዓታት በኋላ በረደ። ከዚያ በኋላ የክልሉ የጸጥታ ኃይሎች «ተባባሪ ናችሁ» በማለት ከገደሏቸው ሰላማዊ ሰዎች ቢያንስ 50 መሆናቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመስከረም 2015 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። ኮሚሽኑ የመንግሥት ተቋም ነው። 

አውሮፕላኑ ሲደርስ ሽማግሌው ሻንጣዬን አንሥተው ሰጡኝ። በ1996 ዓ.ም. የት እንደነበሩ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። የት ነበርህ ብለው መልሰው ቢጠይቁኝ የምለው ስላጣሁ ዝም ብዬ ተሳፈርሁ።