የጊታር ማጉያና የበገና እንዚራ፤ ከአቃቂ የሚነሣ ታሪክ

በአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ የተጻፉት ጥናቶች በገናን፥ ክራርን፥ መሰንቆንና ዋሽንትን በዝርዝር ሲገልጹ፥ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ በመድረኮቻችን ላይ የቆመውን አንድ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ያልፉታል። ይኸውም የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ፥ ሙዚቀኞች እንደሚጠሩት አምፕሊፋየር ነው። የመታለፉም ምክንያት ግልጽ ነው። ማጉያው ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ሥራውም ድምፅን ከፍ ማድረግ ብቻ ይመስላል። በተለይ ሄቪ ሜታል በሚባለው ሙዚቃ ላይ ሲያገለግል የሚሰጠውን ሻካራ ድምፅ ብዙ ሰው «ባዕድ ጩኸት» ይለዋል። ይህ ፍርድ የተጣደፈ መሆኑን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ታሪኩን ከአቃቂ መጀመር ይገባል። አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በጂቡቲው የባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኝ ጣቢያ ነበረች፤ ኋላም የጥጥና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች መንደር ሆነች። በ1927 ዓ.ም. የመንግሥቱ የራዲዮ ጣቢያ በዚያ ሥራውን ጀመረ። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፥ የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ያሰሙት ቃል ከዚሁ ጣቢያ ተላለፈ። በወረራውም ዘመን ከአቃቂ አቅራቢያ በአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ሲሆን፥ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል።

ራዲዮውና የጊታር ማጉያው ሩቅ ዘመዳሞች አይደሉም። የሁለቱም ልብ አንድ ነበረ፤ እርሱም አየር የወጣለት፥ አምፑል የሚመስል የመስተዋት ብልቃጥ፥ ቫልቭ የሚባለው ነው። በዚህ ብልቃጥ ውስጥ ደካማው የድምፅ ሞገድ ብርቱውን የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደ በረኛ ይከፍታል፥ ይዘጋል፤ ስለዚህም ትንሹ ድምፅ በትልቁ ኃይል ተመስሎ ይወጣል። በአቃቂ የንጉሠ ነገሥቱን ቃል ያጎላው ጥበብ ከጦርነቱ በኋላ የጊታርን ክር የሚያጎላ ሆነ። በአሜሪካ የፌንደር ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በለንደን ጂም ማርሻል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማጉያ ሠራ፤ በ1965ም ባለ 100 ዋቱን አወጣ።

በአዲስ አበባ ዘመናዊው ሙዚቃ በመጀመሪያ የቆመው በክብር ዘበኛ፥ በፖሊስና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ባንዶች ነው። እነዚህ በነፋስ መሣሪያ የከበሩ ነበሩ፤ ጥሩምባም ኤሌክትሪክ አይሻም። የሆቴልና የምሽት ክበብ ባንዶች ሲበዙ ግን ቁጥራቸው ያነሰ ሙዚቀኞች አዳራሽ መሙላት ነበረባቸው፤ ይህንንም ያስቻላቸው ማጉያው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጣው «እሬ መላ መላ» የጊታሩን ሚና በግልጽ ያሰማል። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ በዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ላይ መሥራቱ ሊጠቀስ ይገባል።

ማጉያው ከአጉሊነት ወደ ሙዚቃ መሣሪያነት ያለፈው ከዐቅሙ በላይ ሲነዳ ነው። ቫልቩ የማይችለው ሞገድ ሲመጣበት ጫፉን ይቈርጠዋል፤ ከተቈረጠውም ሞገድ በመጀመሪያው ድምፅ ያልነበሩ ረቂቅ ድምፆች ይወለዳሉ። ሙዚቀኞች ዲስቶርሽን የሚሉት ይህንን ነው። የሄቪ ሜታል መሠረት የሆነውም ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም፥ እንደ አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር በሆነ ከተማ፥ ቶኒ አዮሚ የሚባል ወጣት በቆርቆሮ ፋብሪካ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጣ። ጊታሩን ግን አልተወም፤ በጣቶቹ ላይ ቆብ ሠርቶ፥ ክሮቹንም አላልቶ ተጫወተ። የባንዱ የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ። ለሄቪ ሜታልም እንደ መነሻ ይቈጠራል።

እንግዲህ ይህ ሻካራ ድምፅ ለእኛ ጆሮ ባዕድ ነውን? በገናን እንመልከት። ዐሥሩ አውታሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ፥ በያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው እንዚራውን ጥቂት ወደ ላይ፥ ጥቂት ወደ ታች እያንቀሳቀሰ፥ አውታሩ ቆዳውን እየነካ የሚያንዘረዝርበትን ቦታ ይፈልጋል። እንዚራ የሌለው በገና ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን ግርማውን ያጣል። በሌላ አነጋገር፥ አባቶቻችን ድምፁን ዐውቀው አሻከሩት፤ ለጸሎትና ለተመስጦም የመረጡት ይህንኑ ሻካራውን ድምፅ ነው። ጊታር ተጫዋቹ የማጉያውን ቍልፍ ጥቂት በጥቂት ሲያዞር የሚፈልገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ መሰንቆ ነው። ክሩ የተነካ ጊታር ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ በብርቱ የተነዳ ማጉያ ግን ድምፁን ያስረዝመዋል። በዚህ ጊዜ ጊታሩ የአዝማሪውን ደጋን ጠባይ ይይዛል፤ ማልቀስና ማዜም ይችላል። ሦስተኛው ቅኝት ነው። የሜታል ሙዚቀኞች የሚወዱትን፥ የአውሮፓ የድሮ መምህራን ግን የሸሹትን የሦስት ሙሉ ድምፅ ርቀት አንቺ ሆዬ በተፈጥሮው ይዞታል። ይህ ማለት ሄቪ ሜታል ከእኛ ወጣ ማለት አይደለም፤ የሚቀበለው ጆሮ ግን አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

በመድረክ ላይ ማጉያውን መጠቀም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኃይልን በእጥፍ መጨመር የሚሰማውን ድምፅ በእጥፍ አይጨምርም፤ ከ50 ወደ 100 ዋት ቢወጣ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። በሲሚንቶ ግድግዳ አዳራሽ ውስጥ ሻካራነቱና ወፍራሙ ድምፅ ከመጠን ካለፈ ዜማው ይጨቀያል፤ ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች ሁለቱንም በመድረክ ላይ ይቀንሳል። ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ማጉያ ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። የመሬት መስመር በሌለበት ቤት ደግሞ ጊታሩን ይዞ ማይክሮፎኑን በከንፈሩ የሚነካ ዘፋኝ በሕይወቱ ሊፈርድ ይችላል። ይህን ሁሉ ያልጻፈው ሙዚቀኛ በእጁና በጆሮው ያውቀዋል።

ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤርታሌ» ፍጹም ሄቪ ሜታል ባይባልም፥ ብርቱው የጊታር ድምፅና የአገር ቅኝት በአንድ መድረክ ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ነገር ግን ወደዚህ ያደረሱን የቀደሙት ማጉያዎች እየጠፉ ናቸው። ቫልቩ ያረጀ ማጉያ መለዋወጫ ሲታጣለት ለቆራሌው ይሸጣል፤ ብረቱም ከሌላው ውዳቂ ጋር ወደ ማቅለጫ ይገባል። ከእርሱ ጋር የጠገነው ሰው ዕውቀት፥ የተጫዋቹም ልምድ አብሮ ይሄዳል።

የበገና ሠሪን ስንጠይቅ እንዚራውን ከምን ቆዳ እንደ ቈረጠና እንዴት እንዳስተካከለ እንጽፋለን። ማጉያ ጠጋኙንም በዚያው ትዕግሥት፥ ሳይሞት፥ ልንጠይቀው ይገባል።