የሕፃናት መጻሕፍትና የዩኒቨርሲቲ ክብር

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባል የኛ ይሁን እንጂ፣ ሐሳቡ ለብዙ ዘመን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሊቃውንትም ሐሳብ ሆኖ ኖሯል። ለሕፃናት የተጻፉ መጻሕፍትን ለመጀመሪያ ዲግሪ ማጥናት ዛሬ በብዙ የእንግሊዝና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ነው። ከዚህ የተደረሰው ግን ከረጅም ንቀት በኋላ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የለንደኑ አሳታሚ ጆን ኒውበሪ ልጆችን ለማስደሰት ያዘጋጃትን ትንሽ መጽሐፍ በ1744 ለገበያ አቀረበ። ከዚያም ወዲህ የሕፃናት መጽሐፍ ራሱን የቻለ ንግድ እየሆነ ሄደ። በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል በ1894 ሲቋቋም ግን የመሥራቾቹ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ይኸውም አዲሱ ትምህርት ከግሪክና ከላቲን ያነሰ እንዳይባል ነው። ስለዚህ ጥንታዊውን ቋንቋ አጥብቆ ያዘ፤ ቀላል የሚመስለውንም ሁሉ ራቀ።

የሚያስገርመው፣ የሕፃናት መጻሕፍት ደራስያን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። የሒሳብ መምህሩ ቻርልስ ዶጅሰን ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስሙ የአሊስን ታሪክ በ1865 አሳትሟል። የጥንታዊ እንግሊዝኛው ፕሮፌሰር ቶልኪንም «ዘ ሆቢት»ን በ1937 አውጥቷል። ሆኖም ቶልኪን ራሱ ከባልደረባው ከሲ. ኤስ. ሉዊስ ጋር የደገፈው የ1931 ሥርዓተ ትምህርት ግዴታውን የሚያበቃው በ1830 ስለነበረ፣ እነዚህን የመሳሰሉ መጻሕፍት ከግዴታው ውጭ ቀሩ።

መጻሕፍቱን በአደራ ያቆዩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የመምህራን ማሠልጠኛዎች ናቸው። በአሜሪካ በኒውበሪ ስም የተሰየመው ሽልማት በ1922 መሰጠት የጀመረው በቤተ መጻሕፍት ማኅበር አማካይነት ነው። ነገር ግን በእነዚህ ቦታዎች በይበልጥ የሚጠየቀው «መጽሐፉ ለየትኛው ዕድሜ ይስማማል?» የሚለው ነበር። «እንዴት ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎችን ይጠብቅ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ፍራንሴልያ በትለር በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ትሰጠው የነበረው ኮርስ በተማሪዎች ሲጨናነቅ፣ ከሙያ ባልደረቦቿ ፌዝ አልቀረላትም። እርሷ ግን በ1972 ለጥናቱ መጽሔት መሠረተች። ኦክስፎርድም ቢሆን አልቀረበትም፤ 20,000 ያህል የሕፃናት መጻሕፍት የያዘው የኦፒ ባልና ሚስት ስብስብ በ1988 ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍቱ ገባ።

ይህ ታሪክ ለኛም ለመሐንዲሶች ይበጃል። አንድ ሙያ ለክብሩ ሲሰጋ፣ ሥራን በክብደቱ ሳይሆን በተጠቃሚው ማዕረግ መመዘን ይጀምራልና። ገበሬና ልጆቹ የሚሻገሩባት ጠባብ ድልድይ በምርቃት በዓል አትወደስ ይሆናል። ሸክሟ የሚሰላው ግን የከተማው ፎቅ በሚሰላበት ሕግ ነው፤ ብትሰበርም የሚወድቀው ሰው ነው።