የፔፐርሚንት ዘይት፦ ጥቅሙ፣ ዋጋውና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የፔፐርሚንት ዘይት ለሆድ ቁርጠት፣ ለራስ ምታትና ለጉንፋን ፍቱን ነው እየተባለ ከገበያ እስከ መድኃኒት ቤት ይቀርባል። ከሚነገሩለት ጥቅሞች የተወሰኑት በጥናት የተደገፉ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን በቂ ማስረጃ የላቸውም። ዘይቱ ያለ ጥንቃቄ ሲያዝ ደግሞ በተለይ ሕፃናትን ለከባድ አደጋ ይዳርጋል።

ተክሉ ምን ዓይነት ነው?

ፔፐርሚንት የናና ዓይነት ሲሆን በሳይንሳዊ ስሙ ሜንታ ፒፐሪታ ይባላል። በየጓሮው ከሚታወቁት ከበሶብላ፣ ከዳማከሴና ከጦስኝ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። የተገኘው በውሃ ዳር ከሚበቅለው ናና እና ስፒርሚንት ከሚባለው የሻይ ናና መዳቀል ነው። በዚህም ምክንያት ተክሉ መካን ነው፤ የሚራባው በዘር ሳይሆን መሬት ለመሬት በሚሳበው ግንዱና በቁራጩ ነው። «የፔፐርሚንት ዘር» ተብሎ በፓኬት የሚሸጥለት አርሶ አደር፣ የሚበቅልለት ሌላ የናና ዓይነት ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ምርምር ከሚያካሂዱት ተቋማት የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ተጠቃሽ ነው። ማዕከሉ ከናና ዓይነቶች በተጨማሪ እንደ ሎሚ ሣር ባሉ ዘይት ሰጪ ተክሎች ላይ ይሠራል። ተክሉን ለገበያ ማልማት የሚፈልግ አርሶ አደር ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የመትከያ ቁራጭ ከምርምር ማዕከል ወይም በግብርና ባለሙያ በኩል ቢያገኝ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

ፔፐርሚንት ውሃ የማይተኛበት፣ በብስባሽ የዳበረ አፈርና ያልተቋረጠ እርጥበት ይፈልጋል። የቅጠል ዋግ በሽታ ያጠቃዋል፤ በአረም ከተዋጠም ምርቱ ይቀንሳል፤ ከተክሉ ጋር የታጨደ አረምም የዘይቱን ሽታ ያበላሻል። የሚታጨደው ማበብ ሲጀምር፣ ጠሉ ከደረቀ በኋላ ነው።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል?

ሥራው በመሠረቱ ከአረቄ ማውጣት ጋር ይመሳሰላል። እንፋሎት በታጨደው ተክል ውስጥ ያልፋል፤ በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ የሚገኘውን ዘይትም ይዞ ይወጣል። እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ወደ ውሃነት ሲመለስ፣ ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ሥራ ተመራጩ የማይዝግ ብረት ነው። የተገኘው ዘይት በጥቁር ወይም በቡናማ የመስታወት ጠርሙስ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጣል። ብዙ የፕላስቲክ ዓይነቶችን ስለሚያለሰልስ በውሃ ላስቲክ ማስቀመጥ አይመከርም።

የዘይቱ ዋና ንጥረ ነገር ሜንቶል ነው። በአውሮፓ የመድኃኒት መስፈርት መሠረት ከ30 እስከ 55 በመቶ የሚሆነው የዘይቱ ይዘት ሜንቶል መሆን አለበት። ሜንቶል በቆዳና በአፍንጫ ውስጥ ቅዝቃዜን የሚለዩ የነርቭ መቀበያዎችን ይቀሰቅሳል፤ የሰውነትን ሙቀት ግን አይቀንስም። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ሰው ዘይቱን በመቀባት ብቻ «በረደለት» ብሎ መዘናጋት ያሳስታል።

በጥናት የተደገፉ ጥቅሞች

የመጀመሪያው ለአንጀት ሕመም ነው። ሜንቶል የአንጀት ጡንቻ እንዲላላ ስለሚያደርግ፣ ቁርጠትንና የሆድ መነፋትን ያስታግሳል። ይህ ጥቅም በተለይ የተጠናው የሆድ ሕመሙ ከተቅማጥ ወይም ከድርቀት ጋር እየተመላለሰ ለረጅም ጊዜ በሚያስቸግራቸው፣ በምርመራ ግን የአንጀት ቁስለትም ሆነ ኢንፌክሽን በማይገኝባቸው ሰዎች ላይ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ፔፐርሚንትን ለእነዚህ ሕሙማን በአማራጭነት ጠቁሟል፤ ሆኖም ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑን አብሮ ገልጿል።

ለዚህ አገልግሎት የሚውለው በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት አይደለም። ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተደርጎ የተለበጠ ካፕሱል ነው። አንዱ ካፕሱል አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሊትር ዘይት ይይዛል፤ ከምግብ በፊት ሳይታኘክ ይዋጣል። የጨጓራ አሲድ ማርከሻ ከካፕሱሉ ጋር በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ልባጡ ያለ ቦታው ስለሚሟሟ፣ ሁለቱን በተለያየ ሰዓት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ለቀላል ራስ ምታት ነው። በጀርመን በተደረጉ ጥናቶች በአልኮል የተበጠበጠ 10 በመቶ የፔፐርሚንት ዘይት በግንባርና በሰሪሳራ ላይ ሲቀባ ውጥረት ያስከተለውን ራስ ምታት አስታግሷል። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅና ከተቀቡ በኋላ እጅን መታጠብ የግድ ነው።

ለጉንፋን ሲሸተት አፍንጫ የተከፈተ ይመስላል። ይህ በአብዛኛው የቅዝቃዜ ስሜቱ የሚፈጥረው ነው፤ ቫይረሱን አያጠፋም። የጨጓራ ባክቴሪያን፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችን፣ ወባን ወይም የሳንባ ምችን ያድናል ማለት ደግሞ ሕሙማን ትክክለኛውን ሕክምና እንዲያዘገዩ ያደርጋል።

ማን መጠንቀቅ አለበት?

ከሁሉ በፊት ሕፃናት። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ዘይቱንም ሆነ ሜንቶል ያለበትን ቅባት በአፍንጫ፣ በፊት ወይም በደረት ላይ መቀባት ክልክል ነው። ሜንቶል የሕፃኑ ጉሮሮ በድንገት እንዲኮማተርና ትንፋሹ እንዲቋረጥ ሊያደርግ ይችላል። «ጉንፋኑ እንዲለቀው» ተብሎ በፍቅር የሚደረገው ነገር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው። የሚጥል በሽታ ታሪክ ላላቸው ልጆችም አይመከርም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚያቃጥል የጨጓራ ሕመምና ቃር ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ዘይቱ በጨጓራና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻ ስለሚያላላ ቃሩን ያብሰዋል። በአገራችን «ጨጓራዬን አመመኝ» የሚል ሰው ብዙ በመሆኑ፣ ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። የሐሞት ጠጠር፣ የሐሞት ቧንቧ ብግነት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ሌላ መድኃኒት በቋሚነት የሚወስዱ ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር ካፕሱሉን መጀመር የለባቸውም።

ንጹሑን ዘይት በማንኪያ መጠጣት ለማንም አይገባም። አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የ50 ካፕሱል ያህል ዘይት ይይዛል። ልጅ ከጠጣው እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ያልተበረዘ ዘይት ቆዳንም ስለሚያቆጣ፣ ከመቀባት በፊት በምግብ ዘይት ማቅጠንና በክንድ ላይ በትንሹ መሞከር ይበጃል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ከርጥብ ተክል የሚገኘው ዘይት ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ይደርሳል። አማካዩን 0.4 በመቶ ብንወስድ፣ 1 ኪሎ ግራም ዘይት ለማግኘት 250 ኪሎ ግራም ርጥብ ተክል ያስፈልጋል። 10 ሚሊ ሊትር ዘይት 9 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ለአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ተክል ይታጨዳል። በዚህ ላይ የማገዶ፣ የውሃ፣ የጉልበትና የጠርሙስ ወጪ ይታከላል። አርሶ አደሩ ከመትከሉ በፊት ይህን ስሌት ሊሠራና ገዢውን ሊያረጋግጥ ይገባል፤ በአቅራቢያ የማጣሪያ መሣሪያ ከሌለ የታጨደው ተክል በመንገድ ይበላሻል።

ሸማቹም ከዚሁ ስሌት ይማራል፤ ከወጪው በታች በሆነ ዋጋ የሚቀርብ «ንጹሕ ዘይት» ሊያጠራጥር ይገባል። የተለመደው ማጭበርበሪያ የምግብ ዘይት መቀላቀል ወይም በርካሽ የሚገኘውን የሌላ ናና ዘይት በፔፐርሚንት ስም መሸጥ ነው። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ማቆየት የመጀመሪያውን ያጋልጣል፤ መዓዛማው ዘይት ሲተን የምግብ ዘይቱ የቅባት እድፍ ይተዋል። ሁለተኛውን መለየት የሚቻለው በላቦራቶሪ ብቻ ነው። በመለያው ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ አምራቹና የማብቂያ ቀኑ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አለመግዛት ይመረጣል።

ለቀላል የሆድ መነፋት ቃር የሌለበት አዋቂ ሰው ዘይት መግዛት ላያስፈልገው ይችላል፤ ከጓሮ የተቀጠፈ የናና ቅጠል በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ መጠጣት ወጪውም አደጋውም አነስተኛ ነው። ነገር ግን የሆድ ሕመሙ ደም ከቀላቀለ ሰገራ፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከትኩሳት ወይም ከማያቋርጥ ትውከት ጋር ከመጣ፣ ናናውንም ዘይቱንም ትቶ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።